ንፍቅ ካህን፤ የረዳት እረኛ ታሪክ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን

ቅዳሴ በአንድ ካህን አይቀደስም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፥ በድምሩ አምስት ልዑካን መሟላት አለባቸው። ከሁለቱ ካህናት አንዱ ሠራዒ፥ ሁለተኛው ንፍቅ ይባላል። ንፍቅ በግእዝ እኩሌታ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሠራዒው ምንም ሊቅ ቢሆን ንፍቅ ካጣ ሥራው ግማሽ ሆኖ ይቀራል። በአቃቂ ቃሊቲም ሆነ በሌላ ስፍራ አንድ ደብር ረዳት ካህን ሲፈልግ፥ የሚፈልገው ይህን እኩሌታ ነው እንጂ ትርፍ ሰው አይደለም።

በመቅደስ ውስጥ የታወቀው ይህ ሥርዓት ግን በሀገሪቱ ታላቅ መንጋ ላይ ለብዙ ዘመን ሳይፈጸም ኖረ። በ4ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ አትናቴዎስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ሾሞ ከላከ ወዲህ፥ ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ መንበር ነበረ፤ ኢትዮጵያውያን ከገዛ ሊቃውንቶቻቸው ፓትርያርክ እንዳይሾሙም በፍትሐ ነገሥት ተጽፎ ነበረ። በ12ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ንጉሥ የኤጲስ ቆጶሳት ቁጥር ይጨመርልኝ ብሎ ፓትርያርክ ገብርኤልን ለመነ፤ ነገር ግን ቢበዙ የራሳቸውን ሊቀ ጳጳሳት ይሾማሉ በማለት ተከለከለ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሚካኤልና ገብርኤል የተባሉ ሁለት ጳጳሳት አብረው መጡ፤ ዳሩ ግን ይህ መልካም ልማድ ጸንቶ አልቆየም።

ረዳት የማጣት ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መስክሯል። በአንድ ቀን ከ2 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከአቡነ ማርቆስ እጅ ቅስና ሲቀበሉ አይቷል፤ በእቅፍ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ዲቁና ይቀበሉ ነበር። ምክንያቱም ጳጳሱ አርጅተዋል፥ ሌላው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፥ እርሳቸው ካለፉ ታቦት የሚያገለግል ይጠፋል የሚል ስጋት ነው። እንግዲህ ችኮላው ከድፍረት ሳይሆን ከችግር የመጣ ነበረ።

በ1874 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጴጥሮስን፥ ማቴዎስን፥ ሉቃስንና ማርቆስን አራቱን ጳጳሳት ከግብጽ አስመጡ። አቡነ ማቴዎስ በ1919 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ልመናው ተለወጠ፤ ቋንቋችንን የሚያውቅ፥ ከእኛው የተወለደ ረዳት ይሾምልን ተባለ። በ1921 ዓ.ም. ግብጻዊው አቡነ ቄርሎስ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ፥ አብርሃም፥ ጴጥሮስ፥ ሚካኤልና ይስሐቅ የተባሉ አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ኤጲስ ቆጶሳት ሆነው ተቀቡ። በ1922 ዓ.ም. እጨጌው አቡነ ሳዊሮስ ተብለው ተጨመሩ። ሆኖም ሌላ ኤጲስ ቆጶስ እንዳይሾሙ ተወስኖባቸው ነበረ።

እነዚህ ረዳቶች ሳይውል ሳያድር ተፈተኑ። የኢጣልያ ጦር ሀገሩን በያዘ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ አርበኞችን አውግዙ ቢባሉ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. ከጠላት እጅ የሊቀ ጵጵስና ሹመት ተቀበሉ። የሀገር ልጅነትና ቋንቋ ማወቅ ታላቅ ነገር ቢሆንም ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ ይታወቃል።

ከብዙ ድርድር በኋላ በ1940 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ጋር ስምምነት ሆነና አምስት ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ። ከነርሱ አንዱ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ፥ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። ሌላው አቡነ ቴዎፍሎስ ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆነው ሳሉ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ወጣ፤ በዚህም ደንብ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ አብረው ተቀምጠው ስለ ደብራቸው እንዲመክሩ ተደረገ። ቀድሞ ባሕር ተሻግሮ ይለመን የነበረው ነገር ዛሬ በደጀ ሰላሙ ይመከርበታል።

እንዲህ በብዙ ድካም የተገኘ መብት በቸልታ ሊያዝ አይገባውም። አቃቂ ቃሊቲ የባቡር ሐዲድና ፋብሪካ ከየአውራጃው ሰውን የሰበሰበበት፥ አማርኛም ኦሮምኛም የሚነገርበት ሀገር ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ደብር ረዳት ካህን የሚመርጥ ሁሉ ድምፀ መልካምነቱን ብቻ አይመልከት፤ የምእመኑን ቋንቋ ያውቅ እንደ ሆነ፥ በልቅሶና በሕመም ቀን ይደርስ እንደ ሆነ፥ በመከራ ጊዜ መንጋውን ጥሎ የማይሄድ እንደ ሆነ ይመርምር። ምእመናንም በበኩላቸው ለመረጡት ካህን መኖሪያውንና ቀለቡን አያጓድሉበት። ንፍቁን የሚያስርብ ደብር በዓመቱ ዳግመኛ ንፍቅ ፍለጋ ይወጣልና።