ዱቄቱ ያሳደገው ግቢ

በተማሪነታችን ዘመን የሚሲሲፒን ዳር ይዘን ወደ መሀል ሚኒያፖሊስ ስንወርድ «ጎልድ ሜዳል ፍላወር» የሚለውን ግዙፍ ማስታወቂያ ያላየ ከመካከላችን የለም። ዩኒቨርሲቲያችን ከዚያ ዱቄት ጋር አብሮ መቦካቱን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ነገሩ የሚጀምረው ከፏፏቴው ነው። ዳኮታዎች ኦዋምኒዮምኒ ይሉታል፤ አባ ሄኔፒን የሚባል ካህን በ1680 እ.ኤ.አ. መጥቶ በቅዱስ አንቶኒ ስም ጠራው። በ1848 መሰንጠቂያ ቤት ተተከለበት፣ ወፍጮው ተከተለ።

ጆን ፒልስበሪ በ1855 ከፏፏቴው አጠገብ የብረታ ብረት ሱቅ ከፈቱ። በ1857 ሱቃቸው ተቃጠለ፤ በዚያው ዓመት የገንዘብ ቀውስ መጣ። ሰውዬው ግን ዕዳቸውን ቀስ በቀስ ከፍለው ጨረሱ። በ1851 የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲያችንም በዕዳ ተዘግቶ ነበርና፣ በ1863 ከአስተዳዳሪ ቦርዱ ሲገቡ ያን የዕዳ ልምድ ይዘው ነው የገቡት። ከአበዳሪዎች ጋር ተደራደሩ፣ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠ መሬትም ሸጡ፤ በ1867 በሩ እንደገና ተከፈተ። ውለታቸው ትልቅ ነው። ሆኖም መሬቱ ቀድሞ የዳኮታና የኦጂብዌ ሕዝቦች እንደነበር ሳይነሳ ሲቀር ታሪኩ ጎደሎ ይመስለኛል። ለፒልስበሪ አዳራሽ ማሠሪያ 150,000 ዶላር የሰጡትም እኚሁ ሰው ናቸው። ወንድማቸው ልጅ ቻርልስ ደግሞ በዱቄቱ ንግድ ገነነ፤ በ1881 የተሠራው ወፍጮው በዘመኑ ከዓለም ትልቁ ነበር።

ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የ1878ቱ ነገር ነው። ሜይ 2 ማታ፣ የቀን ሠራተኞች ከወጡ በኋላ፣ የዋሽበርን «ኤ» ወፍጮ ፈነዳ፤ አሥራ ስምንት ሰዎች አለቁ። አጠገቡ ያሉ ወፍጮዎችም ወደሙ። ወፍጮ ቤት ሄዶ የባለወፍጮውን ነጭ ቅንድብ ያየ የአገሬ ሰው «ዱቄት ደግሞ ይፈነዳል?» ማለቱ አይቀርም። የዚያን ጊዜ ሰውም ግራ ገብቶት ነበር። መልሱን የሰጡት የእኛው ግቢ መምህራን ፔክሃምና ፔክ ናቸው፦ አየር ላይ የተንሳፈፈ የዱቄት ብናኝ ብልጭታ ካገኘ እንደ ባሩድ እንደሚፈነዳ በሙከራ አሳዩ። ለብልጭታው ደግሞ እህል ሳይኖርባቸው የሚፋተጉ የወፍጮ ድንጋዮች ይበቃሉ። ከዚያ ወዲህ ብናኝ ሰብሳቢ መሣሪያዎች እየገቡ ሄዱ። አንድ የላቦራቶሪ ሙከራ የስንቱን ሠራተኛ ነፍስ እንዳተረፈ አስቡት!

ወፍጮው በ1880 እንደገና ተሠርቶ እስከ 1965 ፈጨ። በ1991 እሳት በላው፤ ከ2003 ጀምሮ ፍርስራሹ ውስጥ ሚል ሲቲ ሙዚየም አለ። ሙዚየሙን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የሟቾቹ ሐውልት ግን ያለው ሌክዉድ መካነ መቃብር ነው፤ የአሥራ ስምንቱም ስም ተቀርጾበታል። ጆን ፒልስበሪም ያረፉት እዚያው ነው።