የዕቃ ቤት ተባይን በጊዜ ማወቅ፦ በአይሻና በቆላማው ምሥራቅ ለሚገኙ አጥቢያዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ ምድራዊ መዝገብን የሚያጠፉትን ሲጠቅስ ብልን ከዝገትና ከሌባ ጋር አንሥቷል። ሌባውን የዕቃ ቤታችን ቁልፍ ይከለክለዋል፤ ብሉ ግን ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር አብሮ ተቆልፎበት ይኖራል። ቤተ መዘክሮች ይህን ስለ ተረዱ በማከማቻ ክፍሎቻቸው ተባይን ከመግደል አስቀድሞ መከታተልን ሥርዓት አድርገው ይዘዋል። ሥርዓቱ ወር በወር የሚመለከት ዓይንና የሚጽፍ እጅ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ ጽሑፍ በጅቡቲው የባቡር መሥመር ላይ የምትገኘውን አይሻንና መሰል ሞቃት ከተሞችን በማሰብ፣ ክትትሉ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት እንዴት እንደሚሠራ እንመለከታለን።

በብዙ አጥቢያዎች የክብረ በዓል ልብሰ ተክህኖና ጥላ ከንግሥ እስከ ንግሥ በሣጥን ይቆያሉ። የልብስ ብል ከዕንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ በደጋ ብርድ እስከ ዓመት ሊፈጅበት ይችላል፤ በቆላ ሙቀት ግን ሁለትና ሦስት ወር ይበቃዋል። ስለዚህ በአይሻ ሣጥኑ ዳግመኛ እስኪከፈት አራት ትውልድ ሊፈራረቅበት ይችላል። የአየሩ ድርቀት ይጠብቅልናል ማለትም አይገባም። ድርቀት ሻጋታን ይገታል፤ የብል ትል ግን ደረቅ ሱፍ እየበላ ይኖራል፤ ምስጥም እርጥበቱን በጭቃ መተላለፊያው ይዞ ይመጣል።

የሚበርረው ብል ምንም አይበላም፤ የሚያጠፋው ትሉ ነው። ምግቡም ሱፍ፣ ሐር፣ ፀጉርና ቆዳ ነው። ንጹሕ ጥጥ አይስበውም፤ ላብ፣ ሰም ወይም የምግብ ጠብታ ያረፈበትን ጥጥ ግን ይበሳዋል። በቆላ ቀድሶ የወጣ ካህን ልብሱ በላብ መራሱ አይቀርም፤ ያ ልብስ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ከታጠፈ ለብሉ ማዕድ ተዘጋጅቶለታል ማለት ነው። የከበሮውን ቆዳ፣ የመጽሐፉን ማኅደርና ብራናውን ደግሞ ፀጉራም ትል ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ትበላለች። የመጽሐፉን የእንጨት ገበታ ነቀዝ ይበሳዋል። ለመሥዋዕት የሚሆን ስንዴና ዘቢብ በዕቃ ቤቱ ማከማቸት ስለ ቀረበ ብቻ የተለመደ ነገር ነው፤ እኛ ግን ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ነው እንላለን። የእህል ተባይ ከጆንያው ወጥቶ ወደ ሌላው ይዛመታል፤ የሞተውም ነፍሳት ለቆዳ በሏ ጥንዚዛ ምግብ ይሆናታል።

ዋናው የክትትል መሣሪያ አጣባቂ ወጥመድ ነው። ሙጫ የተቀባ ወፍራም ወረቀት እንደ ድንኳን ታጥፎ በወለሉና በግድግዳው መጋጠሚያ ይቀመጣል፤ ነፍሳት ባዶውን ወለል አቋርጠው ከመሄድ ይልቅ ጥጉን ተከትለው ይጓዛሉና። አንዱ ከበሩ ሥር፣ አንዱ ከመስኮቱ በታች፣ ሌሎቹ ከሣጥኖቹ ኋላ ቢሆኑ መልካም ነው። ሙጫው ንዋየ ቅድሳትን እንዳይነካ በመደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። ለልብስ ብል የሴቷ ሽታ ያለበት ልዩ ወጥመድ አለ፤ ነገር ግን ወንዶቹን ብቻ ስለሚይዝ ብል መኖሩን ያሳያል እንጂ አያጠፋውም። አይሻ ነፋሷ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የተፈለገ፣ አቧራዋም የበዛ አገር ናት፤ በሌላ ስፍራ ሦስት ወር የሚያገለግል ሙጫ እዚህ ቀድሞ ስለሚደርቅ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይኖርበታል።

እያንዳንዱ ወጥመድ ቁጥር ይሰጠውና ቀኑ፣ የተያዘው ዓይነትና ብዛት በመዝገብ ይጻፋል። ከበሩ ሥር የተገኘ አንድ ብል ከውጭ የገባ ሊሆን ይችላል። ከሣጥኑ ኋላ የተገኙ ሦስት ትሎች ግን ሣጥኑ ዛሬውኑ ይከፈት ማለታቸው ነው። የመስኮቱ ደፍ ላይ የወደቁ የሞቱ ነፍሳትም ይቈጠሩ፤ ቆዳ በሏ ጥንዚዛ ካደገች በኋላ ብርሃን ፈልጋ ወደዚያ ትወጣለች።

በመጽሐፍ ገበታ ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ የአዲስ ጥፋት ምልክት አይደለም፤ ምናልባት ነቀዙ ከሞተ መቶ ዓመት ሆኖት ይሆናል። ይህን ለመለየት ብናኙን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ መጽሐፉን በጥቁር ወረቀት ላይ ማሳረፍና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማየት ነው፤ አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ ነቀዙ በሕይወት አለ። የምስጥም እንዲሁ ነው፤ የጭቃውን መተላለፊያ በጥቂቱ ሰብሮ በቀናት ውስጥ መጠገን አለመጠገኑን ማየት ይበቃል። ሣጥኑ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ካልራቀ ግን ይህን ለማየት እንኳ አይቻልም።

ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም በጅግጅጋና በሌሎች የክልሉ ከተሞች አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ካህናት ተሠውተዋል፤ ንዋያተ ቅድሳትም ጠፍተዋል። እንዲህ ያለውን ጉድለት ለመሙላት ከደጋው የሚላክ ልብስና መጽሐፍ የደጋውን ብልና ነቀዝ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ከማንኛውም ስፍራ የመጣ ስጦታ ከነባሩ ጋር ሳይቀላቀል በታሸገ ፕላስቲክ ለብቻው ይቆይ፤ ሁለት ወር ያህል እየታየ።

ተባይ የተገኘበት ዕቃም ወዲያው እንዲሁ ታሽጎ ይለያል። ፀረ ተባይ መርጨት አይገባም፤ ቀለሙን ያበላሻል፣ የሚዳስሰውንና የሚሳለመውንም ይጎዳል። ልብስ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ትሉም ዕንቁላሉም ይሞታል። ሥዕል ያለበት ብራናና በእንጨት ላይ የተሣለ ሥዕል ግን ያለ ባለሙያ ምክር ወደ ማቀዝቀዣ አይገባም፤ በሀገረ ስብከቱ በኩል የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይቻላል።

የቤተ መዘክር ባለሙያ ዕቃ ቤቱን ሊያይልን ይችላል፤ ወደ መቅደስ ግን ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር የሚገባ የለም። በዚያ ያለውን መጋረጃ፣ ምንጣፍና የመንበር ልብስ የሚመረምረው አገልጋዩ ራሱ ስለሆነ፣ ትሉንና ጥንዚዛውን ለይቶ የማወቁ ትምህርት መጀመር ያለበት ከዲያቆናቱ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።