የዳርዊን ረቂቅ በአሳታሚ ደጅ

ረቂቁን በብብቱ ሸጉጦ የአሳታሚ ደጅ የጠና ደራሲ፣ አንዳንድ ጊዜ ከመጻፉ ይልቅ የጻፉትን ማስረዳቱ እንደሚከብድ ያውቃል። ይህ ጭንቅ ቻርለስ ዳርዊንንም አልማረውም።

እ.ኤ.አ. በ1858 አልፍሬድ ዋላስ ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘ ጽሑፍ ሲልክለት፣ ዳርዊን ሃያ ዓመት ያህል ሲያብሰለስለው የኖረውን ጥናት አሳጥሮ ለመጻፍ ተጣደፈ። በተከታዩ ዓመት «የዝርያዎች አመጣጥ» ወደ መገባደጃው ሲቃረብ አሳታሚ መፈለግ ግድ ሆነ። ስለ ደራስያን የሚዋዋል ወኪል በለንደን ብቅ ያለው በ1870ዎቹ ነውና፣ የአገናኝነቱን ተግባር የፈጸመለት ወዳጁ የሥነ ምድር ሊቅ ቻርለስ ላይል ነበር። ላይል የራሱን መጻሕፍት የሚያሳትምለትን ጆን መሬይን አነጋገረ።

ዳርዊን በማርች 28 ቀን 1859 ለላይል የጻፈው ደብዳቤ የሥጋቱ ምስክር ነው። መጽሐፉ የጉዳዩ ጠባይ ግድ ከሚለው በላይ ከተለመደው እምነት እንደማያፈነግጥ፣ ስለ ሰው አመጣጥ እንደማያነሳ፣ ከኦሪት ዘፍጥረትም ጋር ክርክር እንደማይገጥም ለአሳታሚው ይንገረው ወይስ ዝም ይበል? ምክር ይጠይቃል። ይህ ቅንነት ነው ወይስ ብልጠት? እንደ እኔ ከሁለቱም አለበት፤ ስለ ሰው ዝም ማለቱ አንባቢው በራሱ እግር ከዚያው ድምዳሜ እንዳይደርስ አላገደውምና።

መሬይ የምዕራፎቹን ርእስ ብቻ አይቶ፣ ከተጣራው ትርፍ ሁለት ሦስተኛውን ለደራሲው ሊከፍል ተስማማ። ዳርዊን ግን ውሉን የተቀበለው፣ መሬይ ረቂቁን አንብቦ ካልወደደው ቃሉን ማጠፍ እንደሚችል አስታውቆ ነው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎችም ላከለት።

ረቂቁን ካነበቡት አንዱ ቄስ ዊትዌል ኤልዊን ነበሩ። ማስረጃው ያልተሟላ ድርሰት ከማውጣት ይልቅ ዳርዊን ስለ እርግቦች ቢጽፍ እንደሚሻል መከሩ፤ እርግብ የማይወድ የለምና። ተውኔቱን ለገምጋሚዎች አቅርቦ «ቀልድ ጨምርበት» የተባለ ሰው ይህን ዓይነቱን ምክር ያውቀዋል። ብዙዎች በኤልዊን ይስቃሉ፤ እኔ ግን አልስቅባቸውም። በቅን አንብበዋል፤ ማስረጃው በሙሉ አለመቅረቡንም ዳርዊን ራሱ አልካደም። የተሳሳቱት አንባቢ የሚሻውን አስቀድመው ያወቁ መስሏቸው ነው።

መሬይ ምክሩን ትቶ 1,250 ቅጂ አሳተመ። በኖቬምበር 22 ቀን 1859 ለመጻሕፍት ነጋዴዎች ባቀረበው ጊዜ ትእዛዙ ከክምችቱ በለጠ። እርግቦቹም አልቀሩም፤ ያው መሬይ በ1868 ባሳተመው፣ ስለ ለማዳ እንስሳትና ዕፅዋት በሚያወሳው የዳርዊን መጽሐፍ ሁለት ሙሉ ምዕራፍ ይዘዋል።