የደብረ ዘይት አውሮፕላኖች በስዊድን

ሊንሾፒንግ የአውሮፕላን ከተማ ናት። የሳብ ፋብሪካ እዚህ ነው፤ የስዊድን አየር ኃይል ሙዚየምም ከከተማዋ ወጣ ብሎ ማልመን ሜዳ ዳር ይገኛል። በጋው ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ቅዳሜና እሁድ ያለ ሞተር ድምፅ አያልፍም። እኔ ኑሮ አምጥቶኝ እንጂ አውሮፕላን ብዬ የመጣሁ ሰው አይደለሁም። አሁን ግን ፍቅሩ ይዞኛል፤ ያገሬ ልጆች ዛሬም "አውሮፕላን ካማረህ ትኬት ቆርጠህ አገርህ አትገባም?" እያሉ ይስቁብኛል።

የሳበኝ ሙዚየሙ ውስጥ ያለው ሳብ ሠራሹ ቢ 17 ነው። ወደ ታች ተወርውሮ ቦምብ የሚጥል አውሮፕላን ነው፤ መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1940። የዓለም ጦርነት አልቆ ዘመኑ የጄት ሲሆን ስዊድኖች ገሸሽ አደረጉት። ኢትዮጵያ ግን እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ከአርባ በላይ ገዝታ ደብረ ዘይት አስገባቻቸው፤ እስከ 1960ዎቹም አገለገሉ። ትንሿ ሳፊርም አብራ መጣች፤ የአየር ኃይላችን ጀማሪዎች በረራን የተማሩት በእሷ ነው። ደብረ ዘይት ያደገ ሰው እነዚህን ስሞች ከአባቶች አፍ ሰምቷቸዋል። እኔም ስሰማቸው አድጌ፣ ብረቱን በዓይኔ ያየሁት ግን እዚህ በረዶ አገር ነው።

ሁለቱን አገሮች ያገናኘው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮሰን ነው። ጣሊያን ሲወረን ለቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን ሊያበርር መጣ፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ አሥር ዓመት ያህል አየር ኃይላችንን ሲያሰለጥን ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1947 በአንዲት ሳፊር ከስቶክሆልም ተነስቶ፣ የትም ሳያርፍ፣ 6,220 ኪሎ ሜትር በርሮ አዲስ አበባ ገባ። 31 ሰዓት ገደማ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ውስጥ መቀመጥ ማለት ነው፤ ዛሬ በስምንት ሰዓት በረራ እግራችን አበጠ የምንል ሰዎች እናስበው። እ.ኤ.አ. በ1977 ለተራቡ ሰዎች እርዳታ ሲያመላልስ ጎዴ ላይ ተገደለ፤ መቃብሩም አዲስ አበባ ነው። እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች ከኢትዮጵያ መሆኔን ስነግራቸው መጀመሪያ የሚጠሩልኝ ሯጮቻችንን ሳይሆን እሱን ነው።

የሳበኝ ሙዚየሙ ቢሆንም ይዞ ያስቀረኝ የበረራ ክለባችን ሀንጋር ነው። ከክለባችን ጎን አንድ የድሮ ሃርቫርድ አውሮፕላን አለ፤ ስንቱ አገር አብራሪ ያሰለጠነበት፣ የስዊድን አየር ኃይልም በጊዜው የተጠቀመበት። ሞተሩ ክብ ነው፤ ዘጠኝ ሲሊንደሮች ዙሪያውን ተደርድረዋል። ቆሞ ሲሰነብት ዘይቱ እየሰረገ ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። በዚያው ከተነሳ ፒስቶኑ የተጠራቀመውን ዘይት መጭመቅ አቅቶት ቢዬላው ይጣመማል። ስለዚህ አስቀድሞ ፕሮፔለሩ ቀስ በቀስ በእጅ ይዞራል። ሲዞር ቆይቶ አልንቀሳቀስ ካለ ማስገደድ ክልክል ነው፤ የታችኛው ካንዴላ ተፈትቶ ዘይቱ ትሪ ላይ ይፈሳል፣ ካንዴላው ይመለሳል፣ ማዞሩ ይቀጥላል። ከዚያ ሞተሩ ሲነሳ አንዱ ሲሊንደር ብቻውን ይተኩሳል፣ ሌላው ይከተላል፣ ሰማያዊ ጭስ ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ በመጨረሻ ሁሉም አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ይህን ያስተማሩኝ መካኒክ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። አገሩ ሁሉን "አንተ" የሚል ሆኖ፣ እኔ ግን እሳቸውን በባዶ ስማቸው መጥራት እስካሁን አልተዋጠልኝም።

የግል በረራ ሲባል ብዙዎቻችን ሚሊየነር ይታየናል። የኛ ክለብ አባላት የአውቶቡስ ሹፌር፣ ነርስ፣ አናጺና ጡረተኛ ናቸው። አሠራሩ ከዕቁብ ብዙ አይርቅም፤ ሁሉም ያዋጣል፣ አውሮፕላኑ የጋራ ነው፣ የሚደርስህ ዕጣ የበረራ ሰዓት ነው። እርግጥ ነዳጁ ውድ ነው፣ የአሮጌዎቹ መለዋወጫ ደግሞ ከገበያ ጠፍቶ አንዳንዱ በእጅ ይቀረጻል። ቢሆንም እየበረሩ እንዲቆዩ የሚለፋበት ምክንያት ይገባኛል። አውሮፕላኑ እስከበረረ ድረስ የሚጠግነው ሰው መኖር ግድ ነው፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ከሽማግሌው ጎን ቆሞ የሚማረውም ለዚህ ነው። ቢ 17 ራሱ፣ ሳብ 60ኛ ዓመቱን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲያከብር፣ አንዱ ታድሶ እንደገና ሰማይ የወጣው እንዲህ ያሉ እጆች ስለነበሩ ነው።

አንዲት ዘመዴ "ቦምብ ጣይ እንዴት ይወደዳል?" ብላኛለች። እውነቷን ነው፤ ብዙው ያገራችን ሰው አውሮፕላንን መጀመሪያ ያወቀው እላዩ ላይ እሳትና መርዝ ሲያዘንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 መጨረሻ የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የደበደቡት የስዊድን ቀይ መስቀልን ሆስፒታል ነበር። ቢ 17 የተሠራበትን ዓላማ አልክድም፣ ላሳምረውም አልፈልግም። የኔ ፍቅር ከሠሩትና ከጠገኑት ሰዎች ጋር ነው፤ ከነዚያ ውስጥ ደግሞ ደብረ ዘይት ላይ እጃቸው በዘይት የጠቆረ ያገሬ መካኒኮች አሉ።

እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት "ፀሐይ" የተባለችው አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከጣሊያን ተመልሳልናለች፤ ደግ ሆነ። የአብራሪዎቻችንና የመካኒኮቻችን ታሪክ ግን በየአልበሙ ተበትኖ ነው ያለው። አባትህ ወይም አያትሽ አየር ኃይል ከነበሩ፣ ያን ፎቶ ዛሬ ከአልበሙ አውጡና ከጀርባው የማን እንደሆነ፣ ዓመቱንና የአውሮፕላኑን ስም ጻፉበት። ፎቶው ላይ ያሉት ሰው በሕይወት ካሉ ደግሞ ነገ ሳትሉ ደውሉላቸውና ጠይቋቸው።