ብዝኀ ውርስ
ብዝኀ ውርስ በፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች አንድ ክላስ ከሁለት ወይም ከዚያ በላይ ወላጅ ክላሶች በቀጥታ የሚወርስበት ዘዴ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይፈቅደዋል።

አስቸጋሪው ጉዳይ ሁለቱ ወላጆች አንድ አያት ሲጋሩ ይመጣል፤ የዝምድናው ሥዕል ከላይና ከታች ሹል ስለሚሆን «የአልማዝ ችግር» ተብሏል። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር፣ ውርሱ «ቨርቹዋል» ካልተባለ፣ በልጁ ውስጥ የአያቱን ሁለት ቅጂ ያስቀምጣል፤ የአያቱን ዳታ በስሙ ብቻ ለጠራ ፕሮግራመር የትኛው ቅጂ እንደሆነ አልታወቀም ብሎ ስሕተት ያወጣል። «ቨርቹዋል» ከተባለ ቅጂው አንድ ይሆናል፤ ነገር ግን ቦታው እንደ ልጁ ክላስ ስለሚለያይ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ጊዜ ተፈልጎ መገኘት አለበት።

ፓይተን ቅድመ አያቶችን ሁሉ በአንድ ተራ አሰልፎ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። ጃቫ ግን ክላስ አንድ ወላጅ ክላስ ብቻ እንዲኖረው ወስኖ ብዛቱን ለኢንተርፌስ ተወው። በ2014 እ.ኤ.አ. ጃቫ 8 ኢንተርፌሶች የተሠራ ሜተድ እንዲይዙ ሲፈቅድ ግጭቱ በጓሮ በር ተመለሰ፤ ሁለት ኢንተርፌሶች በአንድ ሜተድ ከተጋጩ ኮምፓይለሩ ራሱ አይመርጥም፣ ፕሮግራመሩ በክላሱ ውስጥ የራሱን እንዲጽፍ ያስገድደዋል።