ጣቴ ለምን አልታጠፍ አለች?

«ቲቸር፣ ሰሌዳ ላይ ጽሑፍህ ምን ነካው?» ላላችሁኝ ልጆች መልሱ ይኸውላችሁ። መረብ ኳስ ስንጫወት የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ተሰበረች። ሐኪሙ «በሦስት ሳምንት ተመለስ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን አጥንት እረፍት ይወዳል ብዬ ሰባት ሳምንት አስሬያት ከረምኩ። ስትፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቷ ግን እንደ እንጨት ደርቃለች። ጠመኔ መያዝ አቃተኝ!

የታሪክ መምህር ነኝና ወደኋላ ሄጄ አነበብኩ። ለካ የኔ ስህተት የትልልቅ ሐኪሞችም ክርክር ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቨርፑል የነበረው ሂዩ ኦወን ቶማስ (አባቱ እንደኛዎቹ ወጌሻ ነበር) መድኃኒቱ ረጅምና ያልተቋረጠ እረፍት ነው ይል ነበር። ፓሪስ ላይ ሉካስ ሻምፒዮኒዬር ደግሞ «የለም፣ አሹት፣ ቶሎ አንቀሳቅሱት» ባይ ነው።

የእጅን ነገር የለወጠው ግን ጦርነት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቁስላቸው የዳነ፣ ጣታቸው ግን የማይታጠፍ የአሜሪካ ወታደሮች በዙ። ብዙዎቹ እጃቸው ቀጥ ተደርጎ ታስሮ የከረሙ ነበሩ። የሳን ፍራንሲስኮው ቀዶ ሐኪም ስተርሊንግ በኔል እ.ኤ.አ. በ1944 ስለ እጅ ቀዶ ሕክምና መጽሐፍ አሳተመ፤ ሠራዊቱም የእጅ ሕክምና ማዕከላትን እንዲያደራጅ ጠራው። የእጅ ሕክምና ባለሙያዎች የራሳቸውን ማኅበር እዚያው አሜሪካ ያቋቋሙት ግን በ1977 ነው። ሥራው ገና ልጅ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጡጫ ስንጨብጥ ጉብ የሚለው የጣት ሥር መገጣጠሚያ ግራና ቀኙን የያዙት ጅማቶች ጣት ሲዘረጋ ይላላሉ፣ ሲታጠፍ ይወጠራሉ። ላልተው ለሳምንታት ከታሰሩ እዚያው ያጥራሉ። ስለዚህ ሲታሰር ብዙውን ጊዜ የጣቱ ሥር ታጥፎ፣ የላይኛው ክፍል ቀጥ ብሎ ነው። ጣት የሚያጥፈው ጅማትም ካልተንቀሳቀሰ ከተሰበረው አጥንት ጋር ይጣበቃል።

አሁን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣቴን ከመሃል ጣቴ ጋር በፕላስተር አጣምራልኛለች። እጄን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ በየሰዓቱ አጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ። ያማል፣ አልዋሽም። መጀመሪያ በጣቴ ጫፍና በመዳፌ መካከል አራት ጣት ይገባ ነበር፤ ዛሬ ሁለት።

ባለፈው «ጣቴ ከታሰረ ሁለት ወር ሆነው» ብለህ በውስጥ መስመር የጻፍክልኝ ልጅ፣ ነገውኑ ሄደህ ታይ። ወጌሻ ጋ የታሰራችሁም፣ ጣታችሁ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ጠብቆ የታሰረ ጣት ደም አጥቶ ሊቆረጥ ይችላል።

በሉ፣ የ10ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀኛል። በግራ እጄ ነው የማርመው፣ ምልክቱን ማንበብ ካቃታችሁ ጠይቁኝ።