ከካርቱም እስከ ዘንገና፦ የሰማይ ሰዓትና የምድር ሳምንት

በአየር መስመር ቢለካ ከካርቱም እስከ ዘንገና ሐይቅ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ነው። ይሁንና በአርበኝነቱ ዘመን ማብቂያ ከሱዳን ወደዚህ አካባቢ የመጡ ሁለት የእንግሊዝ መኮንኖች የጉዟቸው ጊዜ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር።

የመጀመሪያው ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ነው። «ሚሽን 101» የተባለውን ቡድን እየመራ ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ.ም. ድንበር ተሻገረ። የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል አዛዥ ከበደ ተሰማም የጉዞው አካል ነበሩ። ጊዜው ክረምት ነው፤ ወንዙ ሞልቷል፣ ጣልያንም መንገዱን ይጠብቃል። የአገው ምድሯ ፋግታ እስኪደርስ ሳምንታት ፈጀበት። እዚያም በመካከላቸው ቅራኔ የነበረባቸውን ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን አስማማ።

ሁለተኛው ሻለቃ ኦርድ ዊንጌት ነው። ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ከዘንገና ብዙም በማይርቀው የፋግታና ሰከላ አካባቢ በተጠረገ ሜዳ ላይ በቪከርስ ቪንሰንት አውሮፕላን አረፈ። የአውሮፕላኑ ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በዚህ ስሌት 700 ኪሎ ሜትር የሦስት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው። እስከዚያ ድረስ የአውሮፕላን ድምፅ ለጎጃም ገበሬ የቦምብ ምልክት ነበር። ያን ቀን ግን የወገን ረዳት ይዞ መጣ።

ሆኖም ያ አውሮፕላን ያመጣው ምክክር እንጂ ጦር አልነበረም። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ንጉሠ ነገሥት አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው፤ 105 ቀናት ማለት ነው። ስንቅና ጥይት ለማጓጓዝ ከተሰበሰቡት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ግመሎች አብዛኞቹ መንገድ ላይ አለቁ።

ዛሬስ? ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራው አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና ግን ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ ዘንገናንና እንጅባራን አልፎ ወደ 560 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የእንጅባራ ሰው ባሕር ዳር ሄዶ ልብረር ቢል መጀመሪያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና መጓዝ አለበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ሲነሳ ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎች ለቀናት ተቋርጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። መንገዱ በተዘጋ ቀን ለታማሚ ባሕር ዳር ከካርቱም ይርቃል።

ሳንድፎርድ ሳምንታት የተጓዘው በጠላት በተያዘ አገር ውስጥ ተደብቆ ነው። ገበሬው ዛሬ በገዛ አገሩ መንገድ ላይ ያንኑ ያህል ሲሰጋ፣ ስለ አውሮፕላን ፍጥነት ማውራት ብዙም አያጽናናውም።